ከጎንደር ባሕር ዳር መሪውን ለመኪናው መልቀቅ ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጎንደር ነዋሪ የሆኑ ጠያቂያችን በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመረተ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራና ከዚያው የገባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተዋል። ሻጩ “ይሄ እኮ ራሱን ይነዳል፤ መሪውን ቢለቁትም ይሄዳል” ብሏቸዋል። አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ የሚኖረው ወንድማቸው ደግሞ ሾፌር የሌለው ታክሲ ስለሚጠቀም “ማሽን ከሰው ይሻላል፤ አባባ ከሚነዱ መኪናው ይንዳ” እያለ ይከራከራል። አባታቸው የ68 ዓመት ሰው ናቸው። ለሥራ ባሕር ዳር ይመላለሳሉ፣ አንዳንዴም ሲመለሱ ይመሽባቸዋል። መኪናው አዘዞ አካባቢ ምንም በሌለበት ሁለቴ በድንገት ፍሬን ይዟል። “ወንድሜ ልክ ነው ወይ? የትኛውን ልክፈት፣ የትኛውንስ ልዝጋ?” ሲሉ ጠይቀዋል።

ወንድምዎ ስለ ፊኒክስ የሚለው እውነት ነው። ስለ እርስዎ መኪና የሚለው ግን እውነት አይደለም። አውቶማቲክ የአደጋ ፍሬኑን በምንም ምክንያት አይዝጉት። መሪ የሚይዘውን ክፍል፣ ማለትም መስመር ጠባቂውን፣ ግን ከተማ ውስጥም ሆነ እስከ ባሕር ዳር ድረስ አይክፈቱት። ወደ ምክንያቱ ልግባ።

ኤስኤኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር መኪና ራሱን የመንዳት አቅሙን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎታል። ደረጃ 2 ላይ መኪናው መሪውንም ፍጥነቱንም ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ መንገዱን የመከታተል ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ የሰውየው ነው። ደረጃ 3 በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ራሱ ይነዳል፣ “ተረከበኝ” ሲል ግን ሰው መረከብ አለበት። መርሴዲስ ጀርመን ውስጥ ያስፈቀደው ድራይቭ ፓይለት ከዚህ ይመደባል፤ ሲጀመር የተፈቀደለት በአውራ ጎዳና ላይ እስከ 60 ኪ.ሜ በሰዓት ድረስ ብቻ ነበር። ደረጃ 4 በተከለለ አካባቢ ውስጥ ሾፌር ሳያስፈልገው ራሱ ይሄዳል። የወንድምዎ ታክሲ ደረጃ 4 ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው ገዝቶ የሚነዳው እንዲህ ዓይነት መኪና ግን በጠቅላላው ለማለት ይቻላል ደረጃ 2 ነው። ልዩነቱ አንዱ ትንሽ ጎበዝ፣ ሌላው ትንሽ ሰነፍ መሆኑ አይደለም። ሲሳሳት ማን ያርመዋል የሚለው ነው። የእርስዎን መኪና የሚያርመው አባትዎ ናቸው፤ እሳቸው ካላረሙት የሚያርመው የለም።

የወንድምዎ ማስረጃ ምን ያህል ጠንካራ ነው? በጣም ጠንካራ ነው፣ ልናቃልለው አይገባም። የፊኒክሱን ዓይነት ሾፌር አልባ ታክሲ የሚያሠራው ዌይሞ እስከ ጥር 2025 ድረስ ያለ ሾፌር የተነዳ 56.7 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 91 ሚሊዮን ኪ.ሜ ገደማ፣ በሚሠራባቸው ከተሞች ከሚነዱ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ አቅርቧል። እግረኛ የተጎዳባቸው አደጋዎች በ92 በመቶ፣ ከባድ ጉዳት ያስከተሉት ደግሞ በ85 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱን የሠሩት የኩባንያው ሰዎች ቢሆኑም ባለሙያዎች በሚገመግሙት መጽሔት ላይ የወጣ ነው። በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ በሚሞትበት ዓለም እንዲህ ያለ ውጤት ትልቅ ነገር ነው። የአፍሪካ ሞት ደግሞ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ከሁሉም አህጉር ይበልጣል።

ሞትን በተመለከተ ግን ገና እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ራንድ የተባለው ተቋም በ2016 እንዳሰላው፣ አንድ ሥርዓት ከአሜሪካ አሽከርካሪዎች የባሰ ገዳይ አለመሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማሳየት አንድም ሰው ሳይሞትበት 275 ሚሊዮን ማይል መነዳት አለበት። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ “የጉዳቱ ቁጥር ስለ ሞት በቀጥታ አይነግረንም” ሲሉ ትክክል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ቁጥር የመኪና ቁጥር አይደለም፤ የአንድ ሙሉ አሠራር ቁጥር ነው። ያንን ውጤት ያስገኘው የዌይሞ አምስተኛ ትውልድ መኪና 29 ካሜራ፣ 5 ላይዳር (በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) እና 6 ራዳር ተሸክሟል። የሚሄድበት ጎዳና አስቀድሞ እያንዳንዱ የእግረኛ ጠርዝና የትራፊክ መብራት ሳይቀር በዝርዝር ካርታ ተነሥቷል። ግራ ሲጋባ ከርቀት የሚያማክሩት ሰዎች አሉ፤ ካሜራና ራዳሩን የሚያጸዳና የሚያስተካክል የጥገና ሠራተኛ አለው። ከተፈቀደለት ክልል አይወጣም። ከዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ ብንቀንስ በዚያ ቁጥር መተማመን አይቻልም። የእርስዎ መኪና ከዚህ ሁሉ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መስታወቱ ጀርባ አንድ ካሜራ፣ ከፊት ፓራውልት ጀርባ አንድ ራዳር፣ ዙሪያውን ደግሞ ለማቆሚያ የሚረዱ የቅርብ ርቀት ሴንሰሮች ናቸው። የጎንደር መንገድ ዝርዝር ካርታም ውስጡ የለም።

ያ ሁሉ ዝግጅት ያለው አሠራር እንኳ ይሳሳታል። ዌይሞ በግንቦት 2025 የ1,212 መኪኖችን ሶፍትዌር በጥሪ አስተካክሏል። ምክንያቱ መኪኖቹ ከበር፣ ከሰንሰለትና ከመሳሰሉት ቀጫጭን መዝጊያዎች ጋር መጋጨታቸው ነበር። ከጎንደር ወጥተው ኬላ ላይ የሚጠብቅዎት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ገመድ ነው። ገመድ ለራዳር የለም ማለት ይቀላል፤ ለካሜራውም አስፋልቱ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ናት። ኬላ በተቃረቡ ቁጥር ክሩዙን፣ ማለትም ፍጥነቱንና ከፊት ካለው መኪና ያለውን ርቀት ራሱ የሚጠብቀውን ክፍል፣ ያጥፉት።

የ2018ቱ የአሪዞና አደጋ ለእኛ መንገድ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። የኡበር የሙከራ መኪና ቴምፒ ከተማ ውስጥ በሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ እንዳሳየው መኪናው ከ5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። በዚያ ፍጥነት ይህ ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ ለመቆም ከበቂ በላይ። ችግሩ ያየውን መሰየም አለመቻሉ ነበር። አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ “ሌላ ነገር”፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ይቀያይራል፤ ስሟን በቀየረ ቁጥር ደግሞ እስከዚያ የሄደችበትን አቅጣጫ ይረሳና እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊሻገር እንደሚችል ተደርጎ አልተሠራም ነበር። የሙከራ መኪናው ቮልቮ ነበር፤ ከፋብሪካ የመጣው የራሱ የአደጋ ፍሬን ግን በሙከራው ወቅት ተዘግቷል። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪም ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። የሕግም የምህንድስናም ክርክሩ ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ ይነሣል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ አዘዞ እንሂድ። ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል፣ ጋሪ ከጎን ይገባል፤ ከማቋረጫ ውጭ መሻገር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ቅዳሜ ወደ ገበያ የሚጎርፈውን ያስቡት። ጭድ ከዳር እስከ ዳር የተጫነች አህያ ከኋላ ስትታይ እግሯ እንኳ አይለይም። ማገዶ የተሸከመች ሴትም ከፊት ለፊት ስትታይ የሰው ቅርጿ ግማሹ ጠፍቷል። የመኪናዎ ካሜራ የሠለጠነው በዋናነት በመኪና፣ በእግረኛ፣ በብስክሌትና በሞተር ምስሎች ነው፤ የአደጋ ፍሬን የሚፈተነውም በእነዚሁ ዓይነት አሻንጉሊቶች ነው። ቮልቮ በ2017 አውስትራሊያ ላይ እንዳመነው ለስዊድን ትላልቅ እንስሳት የተሠራው መለያ ካንጋሮ ላይ ሲደርስ ተቸግሯል። ሲዘል ሩቅ፣ ሲያርፍ ቅርብ እየመሰለው ርቀቱን ማስላት አልቻለም ነበር። ሥርዓቱ ያልተማረውን እንስሳ አያይም ማለት ባይቻልም፣ በጊዜ ይቆምለታል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጎንደር አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ነገር አጣና ነው። አይሱዙ ወይም ጋሪ የባሕር ዛፍ አጣና ጭኖ ሲሄድ ጫፉ ከመኪናው አካል በኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ይወጣል። ራዳር በደንብ የሚመልስለት ብረት ነው፤ የደረቀ እንጨት ጫፍ ብዙም አይመልስለትም። ስለዚህ ክሩዙ ርቀቱን የሚለካው ከአይሱዙው ብረት ነው። ቆሞ ለመጠበቅ አራት ሜትር ሲተው፣ ከእውነተኛው የአጣና ጫፍ ጋር ያለዎት ክፍተት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጫፉም የሚያነጣጥረው የፊት መስታወትዎን ነው። አጣና፣ ብረት ወይም ቱቦ ከጫነ መኪና ጀርባ ክሩዝ አይሠራም ብለው ይያዙት።

ሌላው በየመንገዱ ተበላሽቶ የቆመ ከባድ መኪና ነው። ራዳር የሚንቀሳቀስን ነገር ከማይንቀሳቀስ በቀላሉ ይለያል። የቆመን ነገር ግን ከምልክት ሰሌዳ፣ ከድልድይ ብረትና ከመንገድ ዳር ቆሻሻ ለመለየት ስለሚቸገር ብዙ ሥርዓቶች በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የቆመን ነገር ሆን ብለው ችላ ይላሉ። አለበለዚያ በየሰሌዳው ፍሬን ይይዙ ነበር። የአምራቾቹ መመሪያ ራሱ “ለቆመ ተሽከርካሪ ላይሠራ ይችላል” ብሎ ያስጠነቅቃል። የኛ ሾፌሮች ደግሞ መኪና ሲበላሽባቸው ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራሉ። ለእኛ ቅጠሉ “ፊት ለፊት አደጋ አለ” የሚል ግልጽ መልእክት ነው፤ ለመኪናው አስፋልት ላይ የወደቀ ቅጠል ነው። ድንጋዩም ለመለየት እጅግ አጭር ነው። የትራፊክ ፖሊስ የእጅ ምልክትም እንዲሁ አይገባውም፤ በጥምቀት ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ሕዝቡ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲጎርፍ ከአደጋ ፍሬኑ በቀር ማንኛውንም እገዛ አጥፍተው በእግር ፍጥነት ይሂዱ።

መስመር ጠባቂውን አይክፈቱት ያልኩት ለዚህ ነው፦ የሚያየው ቀለም ነው። ብዙዎቹ ከ60 ኪ.ሜ ገደማ በላይ የሚሠሩ ሲሆን የሁለቱንም ጠርዝ መስመር ይፈልጋሉ። መስመሩ በጠፋበት ቦታ አንዳንዱ በጸጥታ ይተዋል፣ አንዳንዱ የተጠገነውን የአስፋልት ስፌት ወይም የጎማ ዱካ መስመር አድርጎ ይከተላል። አባትዎ ጉድጓድ ለማምለጥ ወይም ለእግረኛ ክፍተት ለመስጠት ሲያዘነብሉ ደግሞ ፍሬቻ ካላሳዩ መሪውን መልሶ ሊጎትትባቸው ይችላል። ይህ በቀጥታ አደጋ ነው።

አዘዞ ላይ ስለያዘው ፍሬን። ባጃጅ ድንገት ሲገባ መያዙ ትክክል ነው፤ ምንም በሌለበት ሲይዝ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። አንደኛው ጠዋትና ማታ የባሕር ዛፍ ጥላ አስፋልቱን እንደ ግድግዳ ሲያቋርጠው ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት የመጣ የብረት አጥር ወይም የቆመ መኪና በመስመርዎ ላይ ያለ ሲመስለው ነው። ሦስተኛው የቆሸሸ ወይም የተዛባ ካሜራና ራዳር ነው። በዚህ ጊዜ ሰዎች ተናደው ፍሬኑን ጨርሰው ይዘጉታል፤ እባክዎ እንዳያደርጉት። የአሜሪካው የመድን ድርጅቶች የደኅንነት ተቋም የአደጋ ፍሬን ያላቸው መኪኖች የፊተኛውን መኪና ከኋላ የሚገጩበት አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህን የመሰለ ጥቅም ያለው ሌላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መኪናዎ ላይ ጥቂት ነው። ከመዝጋት ይልቅ የማስጠንቀቂያ ርቀቱን ወደ “ዘግይቶ” ወይም “ዝቅተኛ” ያድርጉት፤ ከኋላዎ የተጠጋ አይሱዙ ካለ አሳልፉት።

ክሩዙን መጠቀም ከፈለጉ ቀን፣ ደረቅ አስፋልት፣ ገበያና መንደር የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ብቻ፤ እግር ፍሬኑ አጠገብ፣ እጅ መሪው ላይ። የርቀት ምርጫውን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይውሰዱት። ዝናብ ከጀመረ ያጥፉት፤ ውኃ ያቆረ አስፋልት ላይ ክሩዙ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ሲል ኃይል ሊጨምር ይችላል። ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመንና ወረታ ከመድረስዎ በፊት ይጥፋ። ወደ ደባርቅ አቅጣጫ በተለይም ሊማሊሞ ላይ ጨርሶ አይጠቀሙበት፤ በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ረጅም ቁልቁለት ከገቡ ሞተሩ መልሶ የመሙላት አቅሙ ስለሚቀንስ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል።

ወደ ምሽቱ ስንመጣ የማዝንበት ነገር አለ፤ ሰዎች መኪናውን በጣም የሚተማመኑበት በጨለማ ነው፣ እሱ ግን በጣም የሚደክመው ያኔ ነው። ያው የመድን ድርጅቶች ተቋም በ2022 እንዳሳየው እግረኛን የሚለየው የአደጋ ፍሬን የእግረኛ ግጭትን በአማካይ በ27 በመቶ ቢቀንስም የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ምንም ልዩነት አላመጣም። አሜሪካ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ በጨለማም እግረኛን ለይተው እንዲቆሙ ለማስገደድ በ2024 ያወጣችው ደንብ የቆረጠው ቀን እንኳ መስከረም 2029 ነበር። ስለዚህ ስሌቱን አባትዎ ራሳቸው ይያዙት። በ60 ኪ.ሜ ፍጥነት አይቶ እግር ፍሬን ላይ እስኪያርፍ 1.5 ሰከንድ ቢፈጅ 25 ሜትር ይኬዳል፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ ለመቆም 20 ሜትር ይጨመራል፤ ድምሩ 45 ነው። በ80 ኪ.ሜ 33 ሲደመር 35፣ ማለትም 68 ሜትር ገደማ። በ80 ዝናብ ሲጨመርበት 95 ሜትር። አጭሩ መብራት በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው። በአጭር መብራት 80 መንዳት ማለት ያላዩት ቦታ ላይ መቆም ማለት ነው፤ ይህን ምንም ሶፍትዌር አይለውጠውም። ለ68 ዓመት ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ከሚመጣ ረጅም መብራት በኋላ ዓይን ወደ ጨለማው ለመመለስ ከወጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ምክሬ ግልጽ ነው፦ አባትዎ ይንዱ፣ ቀን ይንዱ፤ ከመሸባቸው ባሕር ዳር ይደሩ።

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ ይናገራል። “መሪውን ያዝ” የሚለውን ትእዛዝ አባትዎ ካልገባቸው ማስጠንቀቂያ የለም ማለት ነው። በቅንብሩ ውስጥ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ከቻለ ይቀይሩት፤ ካልቻለ መሪን የያዙ እጆች ምስል በቀይ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ መኪናው ቆሞ ሳለ አብረው ያጥኑ። ጊዜው አጭር መሆኑን ለመረዳት በመጋቢት 2025 መጨረሻ ቻይና አንሁዊ ውስጥ የሆነውን ይመልከቱ። የሻዎሚ ኤስዩ7 መኪና በእገዛ ሥርዓቱ በ116 ኪ.ሜ ሲሄድ ለጥገና በተዘጋ መስመር ላይ ደረሰ። ሥርዓቱ አስጠነቀቀ፣ ሰውም መሪውን ተረከበ፤ ግን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበሩና በ97 ኪ.ሜ ገደማ ኮንክሪት ገጭቶ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። በቀጣዩ ወር የቻይና መንግሥት አምራቾች እንዲህ ያለውን እገዛ “ራስ ነጂ” ብለው እንዳያስተዋውቁ ከለከለ። ሻጭዎ የነገረዎትን ቃል በተሠራበት አገር መናገር አይፈቀድም።

በመጨረሻ ጥገናው። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለውን ካሜራ ፊት ያለውን መስታወት በየሳምንቱ ከውጭ ያጽዱ፣ ከውስጥ አቧራ ከያዘም ይታይ። ፓራውልቱ ላይ የራዳሩ ሽፋን ጭቃ ሲለጥፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከፊቱ የብረት መከላከያ፣ ተለጣፊ ወይም ሰሌዳ እንዳይደረግ። ካሜራው ፊት ጥቁር ፊልም አይለጠፍ። መስታወቱ ከተቀየረ፣ ፓራውልቱ ተነቅሎ ከተመለሰ ወይም የመኪናው ከፍታ ከተቀየረ ካሊብሬሽን፣ ማለትም ካሜራውንና ራዳሩን በልክ መልሶ ማቃናት፣ የግድ ነው። ካሜራው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 50 ሜትር ላይ 87 ሴንቲ ሜትር፣ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75 ይስታል፤ ይህም የመንገዱ ግማሽ መስመር ነው፣ ከጎን ያለውን ባጃጅ ከፊትዎ ያስቀምጠዋል። ጋራዡን የሚጠይቁት “ኮድ ታጠፋለህ?” ብለው ሳይሆን “ለዚህ ሞዴል የካሊብሬሽን ሰሌዳና ሶፍትዌር አለህ?” ብለው ነው። ኮድ ማጥፋት ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የማስጠንቀቂያ መብራት ያጠፋል፤ ካሜራውን አያቃናም። ሰሌዳው ጎንደር ካልተገኘ መኪናው አዲስ አበባ በሚወርድበት ጊዜ ያሠሩት፤ እስከዚያ ክሩዙንም መስመር ጠባቂውንም አይንኩ። የአደጋ ፍሬኑ ከጽዳትም በኋላ ባዶ መንገድ ላይ መያዙን ከቀጠለ ግን እስኪስተካከል ድረስ በዝቅተኛው ቅንብር ይተዉት፤ ከአዘዞ ወዲያም ፍጥነቱን ከ60 አያሳልፉ።